ከኋላ የተቀመጠው ሰው

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከቦሌ ኤርፖርት እንደወጡ ተኩስ ተከፈተባቸው። ጥይት የማይበሳው መርሰዲሳቸው ዞሮ ወደ ኤርፖርት ተመለሰ፤ በዚያው ቀን ካይሮ ገቡ። ሁለት ኢትዮጵያዊ ፖሊሶች ግን ሞቱ።

የባለሥልጣን ሹፌር የሚማረው ይህንኑ ነው፦ አደጋ ሲመጣ አትጋፈጥ፣ ከቦታው ውጣ። ጉባኤው ይቅር፣ ሰውየው ይትረፍ።

እሺ፣ አየር ጤና ዜብራ ላይ የምትሻገረው ተማሪስ? አለቃው ከኋላ ሆኖ «ንዳው፣ ስብሰባ ረፈደብኝ» ሲል ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው፤ አደጋውን የምትሸከመው ግን በምንም ያልተስማማችው ልጅ ናት። ለፕሬዝዳንት ሕይወት ሲባል ጉባኤ ከቀረ፣ ለእሷ ሕይወት ስብሰባ 10 ደቂቃ ቢዘገይ ምን አለበት? «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አልነዳም» ማለትም የሹፌር ሙያ ነው።