የቁጥር አደራ

መንግሥት የሚቈጥረው ሁሉ ከሕዝብ የሚመነጭ ነው። የዋግ ኽምራ ገበሬ ያጨደውን ገብስና ማሽላ፣ ያረባቸውን ፍየሎችና የቤተ ሰቡን ብዛት ለቈጣሪው ሲናገር ከኑሮው ከፍሎ ይሰጣል። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን ይህ ነው፤ ቁጥሩ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ የማን ነው? የመዝገብ ቤቱ ነውን፣ ወይስ የተቈጠረው ሕዝብ?

ዋግ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አንዱ አውራጃ በነበረበት ዘመን፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በወሎ ታላቅ ረኃብ ገባ። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ስፍራው ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ለተማሪዎች አሳዩ፤ መንግሥት ግን ነገሩ እንዲገለጥ አልወደደም። ዓለም በሰፊው የሰማው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከታየ በኋላ ነው። አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ፤ ለተራበ ሰው ግን የዘገየ ንጋት አልነጋም ማለት ነው።

የምሥጢር ጠበቆች «የእህል እጥረት ቢገለጥ ነጋዴው ዋጋ ይሰቅላል፣ ሕዝቡም ይሸበራል» ይሉናል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ምሥጢር ለሁሉ እኩል ምሥጢር ሆኖ አያውቅም፤ ሀብትና ወገን ያለው በሹክሹክታ ይሰማል፣ ድኻው ብቻ ሳይሰማ ይቀራል። ፕሮፌሰር አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በዚያ ረኃብ ጊዜ እንኳ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበረ፤ ድኻው የመግዛት ዐቅም አጥቶ ነበርና። ስለዚህ ዝምታው እህሉን በድኻው ጎተራ አላቆየለትም።

ይሁን እንጂ መግለጥ ብቻውን አያጠግብም። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለጋሾችን አስጠንቅቆ ነበር፤ ታላቁ ዕርዳታ የተንቀሳቀሰው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ረኃብተኞች በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ ነው። ታዲያ የተገለጠ ቁጥር ምን ይጠቅማል? ኃላፊነት ያለበት ሰው «አላወቅሁም» የሚልበትን በር ይዘጋል፤ ሕዝቡም ጠይቆ እንዲከራከር መነሻ ይሰጠዋል።

ሁሉ ነገር ይገለጥ ማለታችን አይደለም። የአንድ ቤት ችግርና ስም የባለቤቱ ምሥጢር ነው፤ የወረዳው ድምር ግን የሁሉ ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000ም የማንኛውንም ሰው መረጃ የመጠየቅ መብት ሲያውቅ የግል ምሥጢርን ከዚህ ለይቶ ጠብቋል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል በሰቆጣ ስም ተጠርቷል። የቃሉ መፈጸም የሚታወቀው የሕፃናቱ ቁመት ሲለካ ነው። እንግዲህ ልጇን ያስለካች እናት የወረዳዋን ውጤት በምትሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም በኽምጣኛም፣ ልትሰማ ይገባታል እንላለን። አደራ የተቀበለ ሰው አደራውን ለባለቤቱ ሲመልስ ዕዳውን ከፈለ እንጂ ቸርነት አደረገ አይባልም።