በታንጎ ትዕግሥት ምን ይሠራል?

«ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ» ስንል መጠበቁን እንደ ዋጋ፣ ፍሬውን እንደ ሸቀጥ ለያይተን ማየታችን ነው። እንዲህ ከሆነማ ሸቀጡ በርካሽና በቶሎ ቢገኝ ማን ይጠላል? ታንጎ የሚማር ሰው ግን ይህ ሒሳብ እንደማያስኬድ ቶሎ ይገባዋል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ የተወለደው ይህ ዳንስ አስቀድሞ የተጠና የእርምጃ ቅደም ተከተል የለውም። ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው፣ ሙዚቃውን እየሰሙ፣ እርምጃውን እዚያው ይፈጥሩታል። በልማድ መሪው ወንዱ ነው፤ ሆኖም በእጁ አይገፋም። ደረቱ ጥቂት ወደፊት ሲያዘነብል ሴቲቱ ሐሳቡን ተረድታ እግሯን ወደኋላ ትዘረጋለች። ጀማሪውን የሚፈትነው ከዚህ በኋላ ያለው ቅጽበት ነው። ክብደቷ በዘረጋችው እግር ላይ በሙሉ እስኪያርፍ ድረስ ሌላ እርምጃ ሊጠይቃት አይችልም። ከቸኮለ ሚዛኗን ያስታታል። እሷም ብትሆን «አሁን ወደ ግራ ሊወስደኝ ነው» ብላ ከቀደመችው፣ ውይይቱ ያበቃና ሁለቱም ለየብቻቸው ይደንሳሉ።

እንግዲህ ትዕግሥት ወደ ችሎታው የሚያደርስ መንገድ ብቻ ሳይሆን የችሎታው አካል ነው ማለት ነው። በ1940ዎቹ፣ ታንጎ በገነነበት ዘመን፣ የቦነስ አይረስ ወጣት ወንዶች እርስ በርሳቸው ይለማመዱ ነበር፤ አዲስ ገቢውም መምራት ከመጀመሩ በፊት ተከታይ ሆኖ ይቆይ ነበር። ነገሩ የጀማሪ ተራ መጠበቅ ይመስላል። ግን የሌላ ሰው ማቻኮል እግርን መሬት እንደሚያሳጣ በገዛ አካሉ ያልቀመሰ ሰው እንዴት አድርጎ መጠበቅን ያውቃል?

«ታዲያ የዘገየ ሁሉ ታጋሽ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የሁዋን ዳሪየንሶ የታንጎ ኦርኬስትራ ምት ፈጣንና ጥርት ያለ ነው፤ የኦስቫልዶ ፑግሊየሴ ግን ይለጠጣል፣ ይቆማል፣ ድንገት ይነሣል። በዳሪየንሶ ፍጥነት እየደነሱ የሌላውን እግር መጠበቅ ይቻላል፤ በፑግሊየሴ ዝግታ ውስጥም በልብ መቸኮል አለ። ስለዚህ የትዕግሥት ተቃራኒ ፍጥነት ሳይሆን የሌላውን ጊዜ የራስ አድርጎ መቁጠር ነው። ስሕተት ፈርቶ እርምጃውን የሚያዘገየውም ሰው ሐሳቡ በራሱ ላይ ስለሆነ ከቸኳዩ ብዙም አይሻልም።

ታንጎ በሚደነስበት ምሽት፣ በሚሎንጋ፣ ሦስት ወይም አራት ዘፈን በተከታታይ ከተደነሰ በኋላ አጭር ሙዚቃ ይገባና ጥንዶች ይለያያሉ። ብዙ ዓመት የደነሰ ሰውም በሚቀጥለው ዙር አዲስ አካል፣ አዲስ ሚዛን ይገጥመዋል፤ ያዳበረው ችሎታ አብሮት ቢሄድም ይህችን ሴት ገና አያውቃትም። ስለዚህ ተማሪው ዕድገቱን ሲመዝን ስንት ዓይነት እርምጃ እንደቻለ መቁጠሩ ብዙ አይነግረውም። አብራው የደነሰችው ሴት እርምጃዋን ለመጨረስ ጊዜ አግኝታ እንደነበር ቢጠይቃት ይሻለዋል።