ኋላ የቀረው መቼ ይረፍ?

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ጥያቄ የመጣልኝ ኪታብ ሳነብ አይደለም፤ ዳገት ስወጣ ነው። ሁሉንም ሰው እኩል ካስተናገድን ፍትሐዊ ሆነናል ማለት ነው?

በቅርቡ ከተማሪዎቼ ጋር መናገሻ ሱባ ደን ሄደን ነበር። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከፍታው ከ3,300 ሜትር በላይ በሆነው በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ፣ የተራቆተው ተራራ የጽድ ዘር እንደተዘራበት ይነገራል። ዛሬ ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው ፀሐይ እስኪከልሉ ድረስ አድገዋል። ቀና ካላችሁ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ታያላችሁ። ሱብሓነላህ!

የመረጥነው መንገድ ደኑን ዞሮ ወደ መነሻው የሚመልስ ነው። በጣም ከባድ አይደለም፤ ግን ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔ ከፊት ነበርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፊት መሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ከመካከላችን ሌሊቱን ሥራ ላይ አድሮ የመጣ አንድ ወንድም ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ወደ ኋላ ቀረ።

ጥለነው አልሄድንም። ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠበቅነው። ውሃ ጠጣን፣ ቆሎ ቃምን፣ ተሳሳቅን። እሱ ላቡን እየጠረገ ብቅ ሲል «ማሻአላህ፣ ደረስክ! በሉ እንነሳ» አልን። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረግን።

ዞረን ከመኪናው ዘንድ ስንደርስ ፈገግ ብሎ «ኡስታዝ፣ እናንተ ሦስት ጊዜ አረፋችሁ፤ እኔ አንድም ጊዜ አላረፍኩም» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ። መንገዱ ለሁላችንም አንድ ነበር። ርቀቱም አንድ ነበር። እንዲያውም ጠብቀነዋል። ነገር ግን ዕረፍቱ የደረሰው ለማያስፈልገው ሰው ነው። በጣም የደከመው ሰው ምንም አልደረሰውም። ያን ሁሉ ጊዜ ደግሞ እኛ ራሳችንን እንደ ደግ ሰዎች እንቆጥር ነበር።

እስኪ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በቁርኣን ሐለቃ ቶሎ የሚሐፍዘው ልጅ ቀድሞ ይጨርሳል፣ ይመሰገናል፣ ይጫወታል። ቀስ ብሎ የሚይዘው ደግሞ ያቺኑ አንቀጽ እየደጋገመ የጨዋታው ሰዓት ያልቅበታል። በቤት ውስጥ ሁሉም በልቶ ሲነሳ እናት ገና ልትቀመጥ ትመጣለች። ማንም አልበደላትም፤ ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

አሁን የጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህን (ረ.ዐ) ታሪክ አስታውሱ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ጃቢር ወጣት ነበር። አባቱ በኡሑድ ሸሂድ ሆነው እህቶቹን የማሳደግ ኃላፊነት በእሱ ላይ ወድቋል። ከዘመቻ ሲመለሱ ግመሉ ደከመችበትና ከጉዞው ኋላ ቀረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ እሱ መጡ። ምን እንዳስቀረው ጠየቁት፣ ግመሏን ነካ አድርገው ዱዓ አደረጉ፣ እሷም ፈጠነች። ስለ ትዳሩና ስለ እህቶቹ አጫወቱት። ግመሏንም ገዙት። መዲና ሲደርሱ ዋጋውን ከፍለው ግመሏንም መልሰው ሰጡት።

ልዩነቱን አያችሁት? እኛ ወንድማችንን የጠበቅነው ከፊት ተቀምጠን ነው። እሳቸው ግን እሱ ዘንድ ድረስ ሄዱ። በዚያም ምክንያት የደከመችው ግመሉ ብቻ እንዳልሆነች አወቁ።

በሐጅም እንዲሁ ነው። ከቤተሰባቸው ደካማ የሆኑትን፣ የሰው ግፊያ ሳያገኛቸው፣ ከሙዝደሊፋ በሌሊት አስቀድመው ልከዋቸዋል። ሐጁ አንድ ነው፤ ለደካማው ግን ቀድሞ የሚሄድበት በር ተከፈተለት።

ምናልባት አንዳችሁ «ኡስታዝ፣ ቁርኣን በመልካም ሥራ እንድንሽቀዳደም ያዘን የለ? ጎበዙ ለምን ይጎተታል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጉልበታችሁን ደብቁ፣ ትምህርታችሁን አዘግዩ አላልኩም። ሽቅድምድሙ ግን በመልካም ሥራ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ከፊታችን የነበረው መልካም ሥራ ዳገቱ አናት ላይ አልነበረም። ከኋላችን ነበር፤ እያለከለከ ይመጣ ነበር። ያን ቀን በሽቅድምድሙ የተቀደምኩት ፊተኛው እኔ ነኝ።

ደግሞስ መንገዱ ዙሪያ ነው። የፊተኛውም የኋለኛውም መድረሻ ያቺው የተነሳንባት ቦታ ናት። ቀድሜ በመድረሴ ያገኘሁት የተቆለፈ መኪና አጠገብ መቆም ብቻ ነው። የዱንያ ጉዟችንም እንዲሁ መልሶ ወደ ፈጠረን ጌታ ያደርሰናል። ያኔ የምንጠየቀው በስንት ሰዓት እንደጨረስነው ይመስላችኋል? ወይስ በመንገዱ ላይ ስለነበሩት ሰዎች?

ስለዚህ ከዚህ ጁሙዓ አንድ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። በጉዞ፣ በትምህርት ወይም በቤት ከእናንተ ኋላ የቀረ ሰው አለ። «ድረስብን» አትበሉት፤ ወደ እሱ ተመለሱ። ዘንቢሉን ያዙለት። ሲደርስም አትነሱ፤ እሱ ተቀምጦ ውሃውን ጠጥቶ «እንሂድ» እስኪል ጠብቁ።

እኛም ለዚያ ወንድማችን ቃል ገብተናል፤ በሚቀጥለው ጉዞ፣ ኢንሻአላህ፣ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው።

አላህ ሆይ! በጉልበታችን ከሚታበዩት አታድርገን። የደከመውን የምናይበት ዓይን፣ ወደ እሱ የምንመለስበት ልብ ስጠን። አሚን።