የተዘጋው ሱቅ ዕዳ

ሰው ለሞተ ወዳጁ ቢያለቅስ ማንም አይስቅበትም። አገሩን በጦርነት ላጣ ስደተኛም ዕንባው ይፈቀድለታል። በልጅነቱ ስኳርና ላምባ ይገዛበት ለነበረ የሰፈር ሱቅ የሚቆዝም ሰው ሲገኝ ግን አድማጩ ሁሉ ፈገግ ይላል። “አርጅቷል” ይባላል። ለመሆኑ ይህ ዓይነቱ ትዝታ ምንድን ነው? ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ድካም ብቻ ነው? ወይስ በውስጡ ልንሰማው የሚገባ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ? እኔ አለ ከሚሉት ወገን ነኝ። ጥያቄውን ግን ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው የትዝታው ጣፋጭነት ራሱ ነው እላለሁ።

አውሮፓውያን ለዚህ ስሜት ያወጡለት “ኖስታልጂያ” የሚለው ስም መጀመሪያ የሕክምና ቃል ነበር። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1688 እ.ኤ.አ. ከአገራቸው በራቁ ሰዎች ላይ የሚታየውን ሕመም ለመሰየም “ወደ ቤት መመለስ” እና “ሥቃይ” የሚል ትርጉም ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አገጣጥሞ ሠራው። ፍቱን መድኃኒቱም ወደ አገር መመለስ ነበር። የእኛ ቋንቋ ግን ነገሩን በሁለት ይከፍለዋል። “ናፍቆት” አለን፤ “ትዝታ”ም አለን። የተናፈቀ ሰው ሊመጣ፣ የተናፈቀ አገርም ሊደረስበት ይችላል። ትዝታ ግን መመለሻ እንደሌለ አውቆ የተቀመጠ ስሜት ነው። ከቅኝቶቻችን አንዱ “ትዝታ” መባሉም አለነገር አይመስለኝም። የእኔም ነገር ትዝታ ነው። ድሬዳዋ ብሄድ ከተማዋ አለች፤ ሱቁ ግን የለም።

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ደረሰ፤ በደረሰበትም ከተማ በቀለ። ዐፄ ምኒልክ “አዲስ ሐረር” ብለዋት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። ሐዲዱ ቀጥሎ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፣ ማለት እስከ 1909 ዓ.ም.፣ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ትልቁ በር እሷ ነበረች። ስለዚህ ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ህንዱም፣ የመናዊውም መጣ። ከደቻቱ ወንዝ በወዲህ ከዚራ ቀጥ ባሉ መንገዶቿና በዛፎቿ ጥላ፣ በወዲያ ደግሞ መጋላ በጠባብ መንገዶቿና በገበያዋ ቆሙ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው ሁሉ በአንድ ገበያ ሲገበያይ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይማር አይውልም ነበር።

የሰፈራችን ሱቅ ባለቤት የመናዊ ነበር። “ሱቅ” የሚለው ቃል ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነውና ነገሩ የሚገርም አይደለም። ከመደርደሪያው ላይ ሰንደልና ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይና የፋኖስ ብርጭቆ፣ ከታች በጆንያ ስኳርና ሩዝ፣ በቆርቆሮ ላምባ ይቀመጣል። ከጅቡቲ ባቡር በገባ ማግሥት ተምር ይኖራል። ስሙኒ ይዞ የሄደ ልጅ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር፣ ከላዩም አንድ ከረሜላ በምርቃት ይዞ ይመለሳል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፤ ፀሐይ ዘወር ስትል ይከፈታል። ይህንን ሳስታውስ የሂልና የላምባ ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ይመጣብኛል።

ታዲያ ዛሬ የጎደለብኝ ምንድን ነው? ዕቃው ነው እንዳልል ዕቃው ሞልቷል። ተምሩም፣ ሐልዋውም፣ ሙሸበኩም ድሬዳዋ ውስጥ ይሸጣል። “ታይዋን” የሚባለው ገበያ ውስጥ የሚገኘውን የዕቃ ዓይነት የልጅነቴ ባለሱቅ በሕልሙም አላየውም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የዱቤ ደብተሩ ነው።

አባቴ “ሽመንደፈር” ይሠራ ነበር፤ የባቡሩን ኩባንያ ሁላችንም በፈረንሳይኛ ስሙ ነበር የምንጠራው። ደመወዝ በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ሆድ ግን በየቀኑ ይጠይቃል። በመካከል ያለውን ቀዳዳ የሚሞላው ያ ደብተር ነበር። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ባለሱቁም አማርኛ አይጽፍም። እሱ በዓረብኛ ይጽፋል፤ እሷ በቃሏ ትይዛለች። በወሩ መጨረሻ ሁለቱ ሒሳቦች ይተያያሉ። ፊርማ የለም፤ ዋስ የለም። አባቴ በሞተ ዕለት ያ ሰው የሱቁን አንዱን መዝጊያ ዘግቶ ዋለ። በዚያ ሰፈር ከዚህ የበለጠ የኀዘን መግለጫ አልነበረም።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ጽሑፉ ያማረ ትዝታ ይሆን ነበር። ነገር ግን ትዝታ ምስክር ነው፤ ምስክርም ያየውን ሁሉ ሊናገር ይገባዋል። ከሱቁ ውስጥ ከአገሩ የመጣ የባለሱቁ የወንድም ልጅ ነበር። ቀን ሙሉ ይመዝናል፤ ሌሊት በጆንያዎቹ ላይ ይተኛል። ሲጫወት አይቼው አላውቅም። የእኛ ከረሜላ የሚመጣው ከዚያ ልጅ ልጅነት ላይ ተቀንሶ ነበር ማለት ይቻላል። ደብተሩም ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም፤ ደመወዝተኛ ባል የሌላት ሴት ስሟ አይጻፍበትም። ባለሱቁ ራሱም ቢሆን ሃያ ዓመት አብሮን ሲኖር ለሰፈሩ ሁሉ “ዓረቡ” ብቻ ነበር። ስሙ በሰው አፍ ሲጠራ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ የግል ንግድም ጠበበ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ከተማዋ ተወጋች፤ የባቡሩም መስመር ተቆረጠ። በነዚያ ዓመታት ብዙ የውጭ አገር ነጋዴዎች አንድ በአንድ ወጡ። የኛም ባለሱቅ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ስኳር የምናገኘው ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ በወረፋና በኮታ ሆነ። የኅብረት ሱቅም ደብተር ነበረው፤ የሚመዘገብበት ግን የድርሻችን መጠን እንጂ መታመናችን አልነበረም።

እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ስለዚያ ሱቅ ስታነሣ ስለ ተምሩ ወይም ስለ ሽታው አታወራም ነበር። “የዓረቡ አሥራ አንድ ብር አለብኝ” ነበር የምትለው። ሰውዬው ያለበት አይታወቅም፤ ደብተሩ የለም፤ ሕግም የሚጠይቃት አልነበረም። ይሁንና ብሯን አልረሳችም። ይህንን ሳስብ ነው የእኔና የእሷ ትዝታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው የሚገባኝ። የእኔ ትዝታ የተቀበለውን ይቆጥራል። የእሷ ግን ያልሰጠችውን ይቆጥር ነበር።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። አበዳሪው የማይገኝ ዕዳ ዕዳነቱ ይቀራል?

ነገሩን ለእህቴ ልጅ አጫውቻት ነበር። ድሬ ተወልዳ ያደገች፣ ዛሬ እዚያው የምትሠራ ወጣት ናት። እንደ ድሬ ልጆች ደንብ ለታላቅም ለታናሽም “አንተ” ነውና እንዲህ አለችኝ፦ “አንተ ዱቤውን መተማመን ትለዋለህ። አያቴ ግን በየወሩ መጨረሻ ሱቅ በር ላይ ቆማ ‘ትንሽ ታገሠኝ’ ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማት ነበር። እኔ ሲቸግረኝ ስልኬን ከፍቼ በቴሌብር እበደራለሁ። የሚሰማኝ የለም።”

መልስ ለመስጠት ተቸገርኩ፤ ምክንያቱም እውነት አላት። ችግርን በምሥጢር መያዝ መቻል ክብር ነው፤ የቀድሞዎቹ እናቶች ይህ ክብር አልነበራቸውም። ለእሷ ልነግራት የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስልኩ የሚበደረውን ሰው አያውቀውም፤ ሲሞትበትም መዝጊያ አይዘጋም። የድሮው አበዳሪ ዓይኑ ያሳፍር ነበር፤ ያ ዓይን ግን የሚያዝንም ዓይን ነበር። አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ብቻ መውሰድ ይቻል እንደሆነ እኔም እሷም አልደረስንበትም።

ስለዚህ ያለፈው ይመለስ ባይ አይደለሁም። አይመለስምም። አዲስ አበባ ይመላለስ የነበረው አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ጣቢያ ይሳፈራል። ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ሰውና ቤት ጠርጎ ወስዷል። ከተማ ይለዋወጣል። በልጅነቴ ከሱቁ በር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው የግመል ወተት ይሸጡ የነበሩ የገጠር ሴቶችን ግን አስቡ። እነሱን የመሰሉ ሴቶች ዛሬም መሬት ላይ ተቀምጠው ይሸጣሉ። ስለ እነሱ የሚቆዝም ሰው አላጋጠመኝም። የሚናፈቀው የጠፋው ብቻ ነው፤ ያልጠፋውን ማንም አያየውም። ትዝታችን ከዚህ ካልተፈወሰ፣ ነገ ደግሞ ዛሬ አልፈናቸው የሄድነውን ሰዎች ስናለቅስላቸው እንገኛለን።

“ብድር በምድር” ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን ብዙ ጊዜ ለበቀል እናውለዋለን፤ ለውለታም ግን ይሠራል። ለሄደው መክፈል ካልተቻለ ለመጣው ይከፈላል። የመን ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ስትታመስ ወደ ኢትዮጵያ የተሰደዱ የመናውያን አሉ። በየከተማችንም ከሩቅ ወረዳ መጥተው በትንሽ ሱቅ ውስጥ ጆንያ ላይ የሚያድሩ ልጆች አሉ። የእናቴ አሥራ አንድ ብር ዛሬ ምንም አይገዛም፤ ዕዳው ግን ለእነዚህ ሰዎች ሊከፈል የሚችል ይመስለኛል። አከፋፈሉም ከባድ አይደለም። ከምንገዛበት ሱቅ የቆመውን ልጅ ስሙን ጠይቀን፣ በስሙ መጥራት መጀመር እንችላለን።