አሥራ ሁለቱ መሶብ

ንባብ፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6፣ ከቍጥር 1 እስከ 13።



ይህን ወንጌል ስናነብ ዐይናችን ወዲያው የሚያርፈው በአምስቱ እንጀራና በሁለቱ ዓሣ ላይ ነው። ተአምራቱ ታላቅ ነውና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ጌታ የሰጠውን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን፤ ይኸውም ከበላተኞቹ የተረፈው ሁሉ እንዲለቀምና ምንም እንዳይባክን ደቀ መዛሙርቱን ማዘዙ ነው። እስቲ ነገሩን እናስብ። በአምስት እንጀራ አምስት ሺህ ሰው ያጠገበ ጌታ ለነገው ምሳ ቍራሽ ያስፈልገው ነበርን? በማግሥቱ ሌላ አምስት እንጀራ መባረክ ይችል አልነበረምን? ደግሞም እንጀራው የገብስ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ይነግረናል። እኛ ደገኞች ገብስን የእህል ንጉሥ ብለን እናከብረዋለን፤ በዚያ አገር ግን ስንዴ መግዛት የማይችል ድኃ የሚበላው እህል ነበረ። ጌታ ይህን የድኃ እንጀራ ቍራሽ ከሣር ላይ አስለቀመው። ደቀ መዛሙርቱም ጐንበስ ብለው ለቀሙ፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥንቃቄ የችግር ቀን ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ነው። እግዚአብሔር አትረፍርፎ በሰጠበት ቀን እንኳ የሰጠው ነገር ከእጃችን እንዲወድቅ አይወድም።

በዚህ ዘመን ስለ ቤት ወጪ መናገር ያስፈለገበትን ምክንያት የማያውቅ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዶላር በእጁ ይዞ የማያውቅ የቀን ሠራተኛ እንኳ ነገሩን በዘይቱ ጀሪካን ላይ አየው፤ ወጥ የምንሠራበት ዘይት አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና። ስለ ምንዛሪ ማስተማር የእኛ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በየቤቱ ለጸሎት ስንገባ የምናየውን መሶብ አይተን እንዳላየን መሆን አንችልም።

አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንናገር። ምንም ለሌለው ሰው ቁጠባን መስበክ በቍስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የተራቈተውንና የተራበውን ወንድም በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ይገሥጻል። እንግዲህ ይህ ቃል የሚነገረው ጥቂት ላለንና ከዚያችም ጥቂት ላይ ለምናባክን ሰዎች ነው።

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በአንድ ዓመት ደመወዛችን ከወሩ አጋማሽ አልሻገር ብሎ አስቸገረን። ባለቤታችን አንድ የተማሪ ደብተር ገዝታ የገባውንና የወጣውን በየማታው ትጽፍ ጀመር። እኛ በልባችን፣ ገንዘቡን የሚጨርሰው ጤፉና ዘይቱ፣ የቤቱ ኪራይና የልጆቹ ትምህርት ነው እንል ነበር። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ፊታችን ዘረጋችው። እነዚያ ሁሉ በእርግጥ ነበሩ፤ ነገር ግን እኛ ያላሰብነው አንድ ወጪ በየገጹ ይመላለስ ነበር፤ እርሱም ለእንግዳ የተገዛ ለስላሳና ብስኩት ነው። እንግዳ በመጣ ቍጥር ልጅ ወደ ሱቅ የምንልክ እኛ ነበርን። ቡናው በቤት እያለ፣ ቆሎውም እያለ፣ «በቄሱ ቤት ቡና ብቻ ቀረበልን» እንዳይባል ፈርተን፣ ከልጆቻችን ወተት ላይ እንቀንስ ነበር። ይህንም እንግዳ መቀበል ብለን ጠርተነው ነበር። ባለቤታችን ምንም አልተናገረችም፤ ደብተሩን ዘርግታ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ቡናና ቆሎ ይቀርባል፤ እስከ ዛሬም ተቀይሞ የሄደ እንግዳ የለም።

በየወንጌላውያኑ ቤት እንደዚህ ያለች ሴት መኖርዋ አዲስ ነገር አይደለም። ዶክተር ማርቲን ሉተር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1525 ያገባት ካታሪና ፎን ቦራ፣ በዊተንበርግ የቀድሞውን ገዳም ቤት ተረክባ፣ ተማሪዎችን በክፍያ እያሳደረች፣ አትክልት እየተከለች፣ ከብትና ዐሣማ እያረባች፣ ጠላውንም ራስዋ እየጠመቀች ያን ሁሉ ሰው ትመግብ ነበር። በ1540ም የዙልስዶርፍን እርሻ ይዛ ማረስ ጀመረች። ባልዋ ለለመነው ሁሉ የሚሰጥ፣ ሒሳብ ግን የማይሆንለት ሰው ነበረና የቤቱን ነገር እርስዋ ባትይዘው ኖሮ እንዴት በኖሩ! ሉተር በ1529 ባወጣው ትንሹ ካቴኪዝም ስለ ዕለት እንጀራ ልመና ሲያስተምር፣ ልብስን፣ ጫማን፣ ቤትን፣ እርሻን፣ ከብትን፣ ገንዘብን፣ ታማኝ ጎረቤትንም ሳይቀር ቈጥሮአል። ይህን ዝርዝር በከፊል ከካታሪና ጓዳ የተማረው ይመስለናል።

ስለ ጓዳ ሥራ እናቶችን ለማስተማር አንደፍርም፤ እነርሱ ያስተማሩንን ግን ለወጣት ባለትዳሮች እንናገር። ነጭ ማኛ ጤፍ ብቻ ካልሆነ እንጀራ አይባልም የሚል ሰው ኪሱን እንጂ ሆዱን አላማከረም። ቀይ ጤፍ ብርቱ እህል ነው፤ ማሽላ ወይም ገብስ የተቀላቀለበትም እንጀራ ያጠግባል። ባቄላውንና ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፎ ማደር ከሰል ያተርፋል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጕልቻ ከመጋገር ይልቅ እንጨቱን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል። በኤሌክትሪክ የምትጋግር ደግሞ ምጣድዋን ለአሥር እንጀራ ብቻ አታግል፤ ምጣዱ ሳይበርድ ጎረቤትዋ ሊጥዋን ይዛ ብትመጣና ተከታትለው ቢጋግሩ የሁለቱም ቤት ይጠቀማል። የተረፈው እንጀራ ለፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። አያቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ደግሞም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ያሉ ጎረቤቶቻችን ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር ሲበሉ፣ እኛ ከጾም ሕግ ነጻ ወጥተናል ብለን ሥጋ ወጥ በየቀኑ ካልተሠራ የምናኰርፍ ሆነን እንደ ሆነ፣ ወንጌል የሰጠንን ነጻነት በሥጋ ቤት ዕዳ ለወጥነው ማለት ነው።

በጉብኝታችን ካየነው ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ይህ ነው፤ ጥቂት ያለው ሰው ሁሉን በውድ ይገዛል። ገንዘብ ያለው ሰው ጤፉን በጥርና በየካቲት፣ አዝመራው ገበያ በገባ ጊዜ፣ በኩንታል ገዝቶ ያስፈጫል። የቀን ሠራተኛው ግን እህል በሚወደድበት በክረምት ወራት ዱቄቱን በኪሎ፣ አለዚያም እንጀራውን በቍጥር ይገዛል። ያኛው ከሰሉን በማዳበሪያ ሲያስገባ፣ ይኸኛው በመደብ ይገዛል። ያኛው ዘይቱን በጀሪካን ሲገዛ፣ ይኸኛው ለአንድ ቀን ወጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ ያስለካል። በዱቤ ከሆነማ ዋጋ ለመከራከር አፍ የለውም፤ ባለ ሱቁ በመዝገቡ የጻፈውን ይቀበላል። እንግዲህ ለዚህ ሰው «ቈጥብ» ማለት ምን ይረባዋል? እርሱ ከማናችንም ይልቅ እየቈጠበ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ስለዚህ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን መበለት አስቡአት። ባልዋ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበረ፤ የተወላት ግን ዕዳ ነው። ባለ ዕዳ ጠያቂውም ሁለቱን ልጆችዋን ባሪያዎች ሊያደርግ መጣ። ኤልሳዕ በቤትዋ ያለውን ሲጠይቃት ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። እርሱም ወርቅ አልሰጣትም፤ ከጎረቤቶችዋ ባዶ ማድጋዎችን እንድትዋስ ላካት። ዘይቱ የፈሰሰው በጎረቤቶች ዕቃ ውስጥ ነው፤ ዕቃው ሲያልቅ ዘይቱም ቆመ። ከዚያም ነቢዩ በመጀመሪያ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በተረፈው ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር አዘዛት። ሰርግ ደግሱበት አላለም።

ይህን ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰርጉ አንድ ቀን ነበር፤ ዛሬ ግን ድንኳኑ፣ ሰንጋው፣ የኪራይ መኪናው፣ የሚዜዎቹ ልብስ፣ በማግሥቱም መልሱ፣ ከመልሱም በኋላ ቅልቅሉ ይከተላል። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ ያስተምራል። እኛ ግን ሙሽሮቹን ባርከን ካሰናበትን በኋላ፣ በስድስተኛው ወር ስለ ዕዳ ሲጣሉ ለማስታረቅ እንጠራለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በዚያ ድንኳን በክብር ቦታ ተቀምጠን የበላን እኛም ነን፤ ሙሽራውን አስቀድመን ጠርተን «ልጄ፣ ይህን በምን ትከፍለዋለህ?» ብለን የጠየቅነው ስንቱን ነው?

ከዚህም የሚብስ ነገር አለና ሳንሸሽግ እንናገረው። በማኅበራችን ልብስ እያጠበች ልጆችዋን የምታሳድግ አንዲት እናት ነበረች። ብዙ እሑድ ከጸሎት ቤት ቀረች። ታማ ይሆናል፣ ወይም በእምነትዋ ቀዝቅዛ ይሆናል ብለን ልንጠይቃት ሄድን። በንጹሕ ብርጭቆ ውኃ አቀረበችልን፤ ሌላ የሚቀርብ አልነበራትም። ጥቂት ከተቀመጥን በኋላ እንዲህ አለችን፤ «ቄስ፣ አይቀየሙኝ። ለጣራው መዋጮ ስም ሲጠራ እኔ የምሰጠው የለኝም። ስሜ ሳይጠራ ሲቀር ደግሞ ሰው ዞሮ ያየኛል። ልጄም የመዘምራኑ ልብስ በየበዓሉ ሲለወጥ መግዛት ስላቃተኝ መዝሙሩን ተወች። ስለዚህ ከቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ።»

ያን ዝርዝር ከመድረኩ ላይ ያነበብነው እኛ ነበርን፤ በራሳችን ድምፅ።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታ በመቅደሱ መዝገብ አንጻር ተቀምጦ ድኃዪቱ መበለት ሁለት ሳንቲም ስትጥል አየ። ጠርቶ የነገራቸውም ደቀ መዛሙርቱን ብቻ ነው፤ በአደባባይ አላስጠራትም። እኛ ግን ስለ እርስዋ ለሃያ ዓመታት ስንሰብክ፣ በመካከላችን ያለችውን በመዋጮ መዝገብ አስወጥተናት ነበር። የቤት ወጪን ስለ መቀነስ ሰዎችን ስናስተምር፣ እያንዳንዱ ቤት የሚከፍለውን የቤተ ክርስቲያን ወጪ ከሒሳቡ ውስጥ አላገባነውም ነበር።

ሽማግሌዎቹን ሰብስበን ነገሩን ነገርናቸው። አንዳንዶቹ፣ ስም ካልተጠራ ሰው አይሰጥም ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ሁለት ምሽት ፈጀ። በመጨረሻ ስም መጥራቱ ቀረ፤ በበሩ አጠገብ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ተቀመጠ። የጣራው ሥራ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ዘገየ፤ በዚያ ክረምትም በስተ ግራ በኩል በተቀመጡት ላይ ዝናብ አፈሰሰ። የመዘምራኑም ልብስ ነጭ ነጠላ ብቻ እንዲሆን ተቈረጠ፤ ነጠላ በየቤቱ አለና።

እናቶቹ ደግሞ የራሳቸውን መላ አመጡ። ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ እንደ ዕቁብ አድርገው የሚችሉትን አዋጡ፤ በጥር ወርም ሁለት ሰዎች ወደ አድዓ ልከው ጤፍ በኩንታል አስመጡ። በጸሎት ቤቱ ግቢ ሸራ ተነጥፎ እህሉ ለእያንዳንዱ ባዋጣው መጠን ተሰፈረ። ከእያንዳንዱም ድርሻ አንድ አንድ ጣሳ እየተነሣ፣ በዚያ ዓመት ማዋጣት ላልቻለ ቤት በተለየ ጆንያ ተጠራቀመ። ለማን እንደሚሄድ ሁለት እናቶች ብቻ ያውቃሉ፤ የሚደርሰውም ሲመሽ ነው። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር አይደለም፤ የክረምቱን ችግር ሁሉ አላስወገደም፤ ሕመምና የቤት ኪራይ አሁንም በየደጁ ይቆማሉ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በነሐሴ ወር በባዶ መሶብ ፊት የምናደርገው ጸሎት ጥቂት ቀንሶአል።

ያች እናት በመጀመሪያው ዓመት ጆንያው ሲመሽ ከደረሳቸው ቤቶች አንዱ የእርስዋ ነበረ። በሁለተኛው ዓመት ከልብስ አጠባው እየቀነሰች እንደ ሌሎቹ አዋጣች፤ ልጅዋም ነጠላዋን ለብሳ ወደ መዘምራኑ ተመለሰች። አሁን በየዓመቱ ጥር ላይ ጣሳውን የምትሰፍር እርስዋ ናት። ከአፉ ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ ትሰፍራለች፤ ሰዎቹ ከሄዱም በኋላ በሸራው ጠርዝ የፈሰሰውን ጐንበስ ብላ ትለቅማለች።