«ቤቶች!» ሳይል የሚገባ እንግዳ

በ2016 ዓ.ም. ከመፍረሷ በፊት ዶሮ ማነቂያን የሚያውቅ የአራዳ ልጅ ያስታውሳል። ቤት ከቤት የተጣበቀባት፣ የጎረቤት ሳል የሚሰማባት ሰፈር ነበረች። ያም ሆኖ ጨዋ ሰው «ቤቶች!» ሳይል የሰው ደጃፍ አያልፍም ነበር። ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች ከልማድም በላይ ነው። ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ሰው ቤት መግባት በሱረቱ አን-ኑር፣ የሰውን ነውር መሰለል ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት ተከልክሏል።

ውድ አንባብያን! ዛሬ ግን «ቤቶች!» ሳይል የሚገባ እንግዳ መጥቷል፤ በሩን የምንከፍትለትም ብዙውን ጊዜ እኛው ነን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ጽሑፍ ለማሳተም ፍላሼን ይዤ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባሁ። ከዚያ ወጥቼ ያንኑ ፍላሽ ሳልፈትሽ ለአንድ የመድረሳ ኡስታዝ አዋስኩ። በማግሥቱ ደወሉልኝ። የተማሪዎቻቸው የዓመቱ ውጤት ያለበት ፋይል አልከፈት ብሏቸዋል። «ኡስታዝ፣ ወላሂ ቫይረስ እንዳለበት አላወቅሁም» አልኳቸው። «አላህ ይማርህ ወንድሜ፤ የልጆቹን ማርክ ግን ማን ይመልስልኛል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በሸሪዓችን የሰውን ንብረት በስሕተት ያጠፋ ሰው ወንጀሉ ይነሳለታል፤ ካሳው ግን አይነሳለትም። «አላወቅሁም» ማለት ከአላህ ዘንድ ይቅርታ ያስገኝ ይሆናል፤ የባልንጀራን ሐቅ ግን አይከፍልም።

ከዚህ የከፋም አለ። «ኪዳኔ» በሚል ተለዋጭ ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። እንደ ክሱ ከሆነ፣ ከሚያውቀው ሰው የደረሰውን የኢሜይል ሰነድ ሲከፍት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ሜሪላንድ ባለው የቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ የስካይፕ ንግግሩን ይቀዳ፣ የቤተሰቡን አጠቃቀም ይከታተል ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳዩን የዘጋው ክሱ ሐሰት ነው ብሎ ሳይሆን የሌላ አገር መንግሥት ያለመከሰስ መብት ስላለው ነው። ልብ በሉ! ኢሜይሉን የላከለት ሰው ራሱ ከሌላ የመጣለትን ነበር ያስተላለፈው።

አንዳንድ ወንድሞች «እኔ የምደብቀው የለኝም፤ ምን አስጨነቀኝ?» ይላሉ። እውነት ነው፣ አንተ የምትደብቀው ላይኖርህ ይችላል። ነገር ግን በትዳሯ ጉዳይ ምክር የጠየቀችህ እህት ደብዳቤ፣ ዘካ የተቀበለው ድሃ ስም፣ ስሜን አደራ ብሎ ለጋዜጠኛው የነገረ ምስክር ቃል በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ይህ ያንተ ገመና አይደለም፤ አማና ነው። የሰው አማና የተቀመጠበትን ቤት በር ሳይዘጉ መተኛት ደግሞ ተወኩል አይባልም።

በሩን ስንዘጋም በተሰረቀ ቁልፍ አይሁን። «ክራክ» የተደረገ ጸረ-ቫይረስ መጫን እንደ ብልሃት ተቆጥሯል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ግን የሰው ልፋት ነው፤ የአገራችንም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። ደግሞም ክራኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ስላዩን ተሸክሞ ይመጣል። ሌባን በሌባ ማስጠበቅ ምን ይባላል? ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸውን ጸረ-ቫይረስ ይዘው ስለሚመጡ ምክንያትም የለንም።

የሚፈለግብን ብዙ አይደለም። ፍላሽ ከመክፈት በፊት መፈተሽ፣ ፕሮግራሞችን በየጊዜው ማደስ፣ ያልጠበቅነውን ሰነድ ከወዳጅም ቢመጣ ደውለን «አንተ ነህ የላክኸው?» ብለን መጠየቅ፣ የአስፈላጊ ፋይሎችን ግልባጭ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

እኔም ሦስት ምሽት ከኡስታዙ ጋር ተቀምጬ ማርኩን ከተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት ላይ እንደገና ጻፍኩ። ዕዳዬ ነበርና። አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።