የጉንዳን ጎረቤት

ገብረ ጉንዳንን የማያመሰግን ማን አለ? መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ወደ እሷ ይልከዋል፤ እኛም ልጆቻችንን በእሷ ታታሪነት እንገሥጻለን። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ጉንዳን በተረት ስትመጣ ሁልጊዜ ሠራተኛ፣ ሁልጊዜ ቆጣቢ ነበረች። «ለጎረቤቷስ እንዴት ናት?» የሚል ተረት ግን አላጋጠመኝም።

ይህን የጠየቁት የሥነ ሕይወት ሰዎች ናቸው። ዲቦራ ጎርደን የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ በረሃ ፍሬ ለቃሚ ጉንዳኖችን ጎጆ በጎጆ ተከታትለዋል። አንድ ጎጆ በ5 ዓመቱ 10,000 ገደማ ሠራተኞች ይኖሩታል፤ ንግሥቲቱም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ልትኖር ትችላለች። ታዲያ ጎረቤት የሚጎዳው ማንን ነው? ጀማሪውን። በትልቅ ጎጆ አጠገብ አዲስ ጎጆ የቀለሰች ንግሥት ዓመት የመድፈን ዕድሏ የመነመነ ነው፤ ፍሬው የሚለቀመው ከአንድ መሬት ነዋ! ትልልቆቹማ መንገድ ላይ ከተጋጩ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ አቅጣጫ ቀይረው ይተላለፋሉ።

የእኛ አገሯ ደግሞ ሌላ ጉድ ናት። በአማራ ክልል የቤተ ክርስቲያን ደኖች ስለተገኘችው ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ አንዱ ግዛቷ 38 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። በዚያ ሁሉ ርቀት ጎጆ ከጎጆ አይጣላም። የሚገርመው፣ የአንድ እናት ልጆች አይደሉም፤ ዘር ሳይቆጥሩ ተስማምተዋል። እሰየው! ግን ይህቺው ጉንዳን በበዛችበት ሌሎቹን በቁጥር ትውጣለች። የእነሱ ሰላም ለሌላው ሰላም አይደለም።

ወደ ሰው ልምጣ። በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ማሽላውም ማሾውም ፍየሉም የሚገናኘው ገበያ ላይ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ቃል እዚያ የዕለት ኑሮ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል ግን ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚሰበር አየን። ጎተራው ሙሉ የነበረ ሰው ከክፉ ቀን በኋላ እንደምንም ይቆም ይሆናል፤ ትናንት ጎጆ የወጣውስ በምን ይነሣ?

ጉንዳን አትወቀስም፤ ጀማሪዋን የምታስርበው አውቃ አይደለም። እኛ ግን አጠገባችን ማን ጎጆ እንደወጣ እናውቃለን። ስለዚህ ጉርብትናችን ከእኩያችን ጋር በመስማማታችን ብቻ ሊመዘን አይገባም ባይ ነኝ። ውሃውም ገበያውም በእኛ እጅ በሆነበት መንደር፣ ዘንድሮ የመጣው ሰው ለከርሞ ይገኛል ወይ?